መንገዱ ሞልቷል፣ አዳራሹስ?
ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ የሚወስደው መንገድ ከ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ወዲህ ቅዳሜና እሁድ ሰው አይጠፋበትም፤ የእግረኛ መንገዱም መብራቱም ሥራቸውን ሠርተዋል። ለሽርሽር የወጣ ሁሉ ግን የአዳራሽ ተመልካች አይደለም፤ ፎቶ ተነሥቶ የሚመለሰው ይበዛል። በ1927 ዓ.ም. በማኅበርነት የተመሠረተው፣ ጥላሁን ገሠሠና አስቴር አወቀ የዘፈኑበት ሀገር ፍቅር ቴአትር ለተውኔቱም ለዘፈኑም በእግሩ የሚመጣ ጎረቤት ነበረው። የፒያሳው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነዋሪ በልማቱ ምክንያት ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ ያ ጎረቤት አብሮ ሄደ። «ዝግጅቱ ጥሩ ከሆነ ሰው ከየትም ይመጣል» የሚል አይታጣም። ለአንድ ትልቅ ኮንሰርት፣ አዎ፤ ግን ማታ በሦስት ሰዓት ልጆቹን ይዞ ሁለት ታክሲ የሚቀይር ቤተሰብ ይህን በየሳምንቱ ይሞክረዋል? ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረውን የጃዝ ክበብ ጃዛምባን በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ሲበላው የጃዝ አፍቃሪው ወደ ሌላ ሰፈር ማማተር ግድ ሆኖበታል፤ አንዴ ሌላ የለመደ እግር ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። መንገዱ ከተሠራ ዘንድ ዋናው ወጪ ወጥቷል። የቀረው የሰዓት ጉዳይ ነው፦ ቴአትሩም አዝማሪውም እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጀምሩ፤ የማታው ዝግጅት ካልቀረ ደግሞ የከተማ አውቶቡሱ መጋረጃው እስኪዘጋ ይጠብቅ።