ከቦሌ እስከ አስመራ፡ ርቀቱ ያው፣ የጉዞው ሰዓት ግን የተለያየ

በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀት ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። ጉዞው የሚፈጀውን ጊዜ አስቀድሞ ማወቅ ግን ከሂሳቡ ባሻገር ሌሎች ጉዳዮችንም ማጤን ይጠይቃል። የአዲስ አበባ ቦሌ እና የአስመራ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያዎች ለዚህ ጉልህ ማሳያ ናቸው።

የአየር ርቀት የሚሰላው የሁለቱን ሥፍራዎች የኬክሮስና የኬንትሮስ መገኛ መሠረት በማድረግ፣ በምድር ክብ ገጽ ላይ በሚሰመረው አጭሩ መስመር ነው። ቦሌ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ገደማ፣ አስመራ ደግሞ 15 ነጥብ 3 ዲግሪ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱም በምሥራቅ ኬንትሮስ 39 ዲግሪ አካባቢ በመሆናቸው ስሌቱ ቀላል ነው። የ6 ነጥብ 3 ዲግሪ ልዩነት፣ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ በሚይዘው 111 ኪሎ ሜትር ሲባዛ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ይህ ርቀት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት አውሮፕላን የ53 ደቂቃ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ አውሮፕላን ይህን ፍጥነት የሚይዘው በቂ ከፍታ ካገኘ በኋላ በመሆኑ፣ የመንደርደሪያው፣ የመነሻውና የማረፊያው ጊዜ ሲታከልበት ጉዞው ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል።

በ1990 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ሲቀሰቀስ የቀጥታ በረራው ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታት መንገደኛ በሦስተኛ አገር በኩል ለመዞር ተገዷል። ለአብነት በካይሮ በኩል የሚደረገው ጉዞ ወደ ካይሮ 2 ሺህ 450፣ ከካይሮ ወደ አስመራ ደግሞ 1 ሺህ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ድምሩ ከቀጥታው መስመር ስድስት እጥፍ ይደርሳል። በአየር ላይ ብቻ ከአምስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሲሆን፣ በመሸጋገሪያው ማረፊያ የሚኖረው ቆይታ ከዚህ በተጨማሪ የሚታሰብ ነው። በድንበሩ ግራና ቀኝ ለተለያዩ ቤተሰቦች ደግሞ ጉዳዩ ከሰዓትና ከገንዘብም በላይ እንደነበር አይዘነጋም።

የሰላም ስምምነቱን ተከትሎ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለት አውሮፕላኖች ተከታትለው ወደ አስመራ ሲበሩ፣ የጉዞው ጊዜ ወደ ቀድሞው ልኩ ተመለሰ። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን አየር መንገዱ በአስመራ ከቁጥጥሩ ውጪ የሆነ አስቸጋሪ የሥራ ሁኔታ እንደገጠመው በመግለጽ በረራውን አቋርጧል። የኤርትራ ወገን በበኩሉ ቀደም ሲል በሻንጣ አያያዝ ረገድ ቅሬታ አቅርቦ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የ700 ኪሎ ሜትሩ ርቀት አንዲት ክንድ እንኳ አልጨመረም፤ አልቀነሰምም።

ከዚህ አኳያ የሥራ ጉዞ የሚያቅዱ መሥሪያ ቤቶች የካርታ ርቀትን ብቻ ይዘው ቀን ቢቆርጡና የውሎ አበል ቢያሰሉ ለስህተት መዳረጋቸው አይቀርም። የቀጥታ በረራ መኖሩን፣ የመሸጋገሪያ ቆይታውንና ከበረራ በፊት ለፍተሻ የሚያስፈልገውን ጊዜ ደምሮ መነሳት ይገባል። በአገሮች መካከል ያለውን የጉዞ ሰዓት የሚያሳጥረው የአውሮፕላን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የመንግሥታት መግባባትም ጭምር መሆኑን የቦሌና የአስመራ መስመር በግልጽ ያስገነዝባል።