አገር ስጠኝ

ሐሙሲት ባደግሁበት ቤት ማታ ማታ አገር ይሰጥ ነበር። እራት ተበልቶ፣ ኩራዙ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ፣ አንዱ «እንቆቅልህ» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። ጥያቄው ይወረወራል። የተጠየቀው ካወቀ አወቀ፤ ካላወቀ ጠያቂው ደረቱን ነፍቶ «አገር ስጠኝ» ይላል። ያኔ ሁላችንም ወደ ምድጃው ጠጋ እንል ነበር። የምንጠብቀው መጥቷላ።

አሰጣጡም ወግ ነበረው። ወረታን ስትሰጠው «ወረታማ በእግሬ ደርሼ የምመለስባት ናት» ብሎ ይመልስልሃል። ደብረ ታቦርን ብትጨምርለት ብርዱን ያማርራል። ጎንደር ሲባል ይቀበላል። ተቀብሎም ዝም አይልም፤ ይገባባታል። በየት በኩል እንደገባ፣ ጃንጥላ ማን እንደያዘለት፣ ምን እንደለበሰ፣ ምን እንደቀረበለት ይተርካል። ቀን ጥጃ ሲያግድ የዋለው የአጎቴ ልጅ ማታ ባለ ካባ መኮንን ሆኖ ግብር ያበላ ነበር። ተሸናፊው በዚያው ተረት ውስጥ ሥራ ይታዘዝለታል፤ የጌታውን በቅሎ ይለጉማል፣ ፋንድያ ይዝቃል፣ የተራረፈ ይለቅማል። የእንቆቅልሹ መልስ የሚነገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጥያቄውን ራሱን የሚያስታውስ ሰው ብዙም አይኖርም።

በቤታችን ለዚህች ሰዓት አንቱታ ይነሣ ነበር። አያቴን ቀን ቀን «እርስዎ» ካላልናቸው ቁንጥጫ ነው። ማታ ግን አንድ ፍሬ ልጅ «እንቆቅልሽ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «ምን አውቅልህ» ብለው ይቀበላሉ። ሲሸነፉም አገር ይሰጣሉ። አንድ ማታ የስድስት ዓመት ወንድሜ ጎንደርን ከእጃቸው ወስዶ እንጀራ ጋጋሪው አደረጋቸው። እሳቸውም ምጣዱ አልሰማ እንዳለ፣ ጭሱ ዓይናቸውን እንዳቃጠለ እየነገሩ ጌታቸውን ሲለማመጡት አመሹ። ሰው በተረት ውስጥ ሌላ ሰው መሆን እንደሚችል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ይህ ሁሉ ትዝ ያለኝ አዲስ አበባ ውስጥ ባየሁት ጨዋታ ነው። የወዳጄ ልጅና ጓደኞቹ ጠረጴዛ ከብበው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወረቀት፣ እርሳስና 20 ገጽ ያለው የዕጣ ጠጠር አለ። ጨዋታው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ለኅትመት ያበቁት ነው። የተወለደው ከጦር ጨዋታ ነው። ከዚያ በፊት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ወታደሮች ደርድረው ጦር ከጦር ያዋጉ ነበር። እነ አርነሰን ያመጡት ነገር ጦሩን ትቶ አንድ ሰው መያዝ ነው፤ ስም ያለው፣ ቢሞት የሚታዘንለት አንድ ሰው። ጥንካሬው፣ ቅልጥፍናው፣ ጽናቱ፣ ዕውቀቱ፣ ማስተዋሉና ግርማ ሞገሱ በቁጥር ይጻፍለታል። በመጀመሪያው ሕግ መሠረት ለእያንዳንዱ ባለ 6 ገጽ ጠጠር ሦስት ጊዜ ይጣልና ይደመራል፤ ቁጥሩ ከ3 አያንስም፣ ከ18 አይበልጥም። ጎበዝ ልሁን ብሎ የተቀመጠ ልጅ ጉልበተ ቢስ ሊወጣለት ይችላል። እንግዲህ በወጣለት ሰው ይኖራል።

ቀልቤን የሳበው ግን ቁጥሩ አልነበረም። ከልጆቹ አንዱ አጫዋች ነው፤ ዓለሙን የሚተርከው እሱ ነው። «በሩ ተከፈተ። ጨለማ ነው። ከወደ ውስጥ የውኃ ድምፅ ይሰማል» ይልና ወደ አንዱ ዞሮ «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የተጠየቀው ሲመልስ ተረቱ በመልሱ ይታጠፋል። በእኛ ቤት ተሸናፊ እንደ አያቴ ካላቀበጠ በቀር አፍ አልነበረውም፤ የታዘዘውን መሆን ነው። እዚህ ሁሉም ይጠየቃል። ይህን ስመለከት እውነት ለመናገር ቀናሁባቸው።

ያዘንኩበትም ነገር ነበር። ልጆቹ በአማርኛ እየተሳሳቁ የሚፈጥሩት ሰው ሁሉ ስሙ የእንግሊዝ፣ ደኑ የእንግሊዝ፣ ቢራ ቤቱ የእንግሊዝ ነው። እኔንም አስቀመጡኝና «የእርስዎ ሰው ስሙ ማን ነው?» አሉኝ። «የራሱን ነው ወይስ የፈረሱን?» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ።

የእኛ ጀግና ሁለት ስም ነበረው። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። የፈረሱ ስም የባለቤቱ የአደባባይ ስም ይሆናል። ፎካሪ ሲነሣ የሚነሣው በዚያ ስም ነው፤ የዋለበትን ይዘረዝራል፣ ሰሚውም «እሰይ» እያለ ያጸናለታል። ያልዋለበትን ቢፎክር የሚያጸናለት የለም፤ ከዚያ ዝምታ የከፋ ቅጣት አላውቅም። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ እርሳሳቸውን አነሡ። እኔም ሰውዬዬን አባ ጉማራ አልኩት፤ በአገሬ ወንዝ።

አባ ታጠቅን፣ ዐፄ ቴዎድሮስን፣ ለብቻው ያነሣሁላቸው በምክንያት ነው። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ እንደሚመጣ፣ በዘመኑም ፍትሕና ሰላም እንደሚሆን ይናገራል። ስሙ ሰው ሳይኖረው ለብዙ ዘመን ሲተረክ ኖረ። ካሣ ኃይሉ የስሜኑን ገዥ ውቤን ድል አድርጎ፣ ውቤ ለራሱ ንግሥ ባዘጋጀው በደረስጌ ማርያም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሲቀባ፣ ያንን ስም አንሥቶ ለበሰው። ቤተ ክርስቲያኑ ለሌላ የተሠራ፣ ስሙ በሌሎች የተተረከ፤ እሱ ገባበት። ከዚያ በኋላ የኖረው ለዚያ ስም እንዲመጥን ነበር ብዬ አምናለሁ። ሐሙሲት ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ደብረ ታቦር በተራራው በኩል ነው፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፉ የተሠራበት ጋፋትም ከደብረ ታቦር አጠገብ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጁን አልሰጥም ብሎ ራሱን ሲያጠፋም ስሙን አላወለቀም።

የእሱ ጨዋታ አልነበረም፤ የራሱም የሌላውም ደም ፈስሶበታል። ለዚህም ነው ልጆች ማዕድ ላይ ተቀምጠው ንጉሥም ሽፍታም እረኛም ሆነው ቢያመሹ ደስ የሚለኝ። ካባውን ለብሰው ያዩታል፤ ሲከብዳቸው ያወልቁታል፤ ነገ ተሸናፊ ሆነው ፋንድያ ይዝቃሉ። ፋንድያ የመዛቁ ተራ በተለይ እንዲቀርባቸው አልሻም።

እኔ ያገኘኋቸው የእንቆቅልሽ መጽሐፎች ግን ጥያቄውን ከላይ፣ መልሱን ከታች አድርገው ተራ ቁጥር ሰጥተው ያትማሉ። አገሩ የለም። ለምን እንደቀረ ይገባኛል፤ አገሩ በየማታው ስለሚለያይ በወረቀት አይያዝም። ነገር ግን አገር የማይሰጥበት እንቆቅልሽ ፈተና ነው፤ ፈተና ደግሞ ልጆቻችን አልጎደላቸውም። መምህራን አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡት፣ «አላወቅሁም» ያለው ልጅ በዜሮ ፈንታ አገር ሰጥቶ ቢቀመጥ፣ ያወቀው ደግሞ ተነሥቶ አገሩን ቢገባባት እንዴት ደስ ባለኝ! የአዲስ አበባዎቹም ልጆች ጠጠራቸውን አይጣሉ፤ ተራራውን ብቻ ጉና ያድርጉልኝ።

ባለፈው ክረምት ሐሙሲት ወንድሜ ቤት ሰነበትኩ። አንድ ማታ ዝናቡ ሲበረታ መብራት ሄደ። የዘጠኝ ዓመት ልጁ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«እንቆቅልህ» አለችኝ።

«ምን አውቅልሽ።»

«ክረምቱን ሙሉ ውኃ ውስጥ ይቆማል፤ ሲጠግብ አንገቱን ይደፋል።»

የወፍ ዓይነት ቆጠርኩ፤ የጣና ዳሩን አንድ በአንድ። አላወቅሁትም። በእኔ ልጅነት የእኛ ቤት ሰው ሩዝ አይዘራም ነበር።

«አገር ስጠኝ» አለች። ጎንደርን ሰጠኋት፤ ራሷን ነቀነቀች። ባሕር ዳርን፣ አዲስ አበባን ጨመርኩላት። «እሷን አንተው ተቀመጥባት። ሐሙሲትን ስጠኝ።» ያለችባትን አገር የጠየቀ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሰጠኋት። እሷም በሐሙስ ገባች፤ ገበያው ቆሞ ሲጠብቃት፣ እናቷን የሚዛን ዳኛ አድርጋ፣ አባቷን ዘበኛ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ እረኛዬ ነህ። አርባ የፎገራ ላም ይዘህ ረግረጉ ላይ ነህ። ጉማራ ሞልቷል። ውኃው ጉልበትህ ደርሷል።»

በእኔ ጊዜ በዚህ ላይ ተሸናፊው ዝም ይላል። እኔም ዝም አልኩ። ልጅቷ ግን ዓይኔን እያየች ጠበቀች።

«ምን ታደርጋለህ?»

«ትልቋን ላም በስሟ እጠራታለሁ» አልኳት። «እሷን ፊት ፊት እያስኬድኩ ወደ ዳገቱ እወጣለሁ። ሌሎቹ ይከተሏታል።»

«ስሟ ማን ነው?»