ውሻ ይዞ ወደ ደጋ መውጣት፦ ከመነሳታችን በፊት እንነጋገር



ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር ወደ ኮሶዬ ወጥተን ነበር። ከጎንደር በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አፋፉ ላይ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ማየት ልብን ያሰፋል። አንድ ወንድማችን የግቢውን ጠባቂ ውሻ ይዞ መጣ። «ዓመት ሙሉ ታስሮ ከሚውል ትንሽ ይሩጥ» አለ። የአዛኝ ሰው ሐሳብ ነው። ማናችንም ግን «ተከትቧል ወይ?» ብለን አልጠየቅንም።

እኩለ ቀን ላይ ውሻው በጎች አየና ገመዱን አስለቀቀ። የእረኛው ውሻ ተቀበለው። ሊገላግል የገባው እረኛ ልጅ እጁን ተነከሰ። ልጁን ይዘን ከተማ ስንደርስ ሐኪሙ የጠየቀን ያንኑ እኛ ያልጠየቅነውን ነው፤ «ውሻው ክትባት አለው?» መልስ አልነበረንም። ልጁ መርፌውን ጀመረ፣ ውሻው ታስሮ 10 ቀን ተጠበቀ። በእነዚያ 10 ቀናት የልጁን እናት ቀና ብለን ማየት አልቻልንም። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁም ውሻውም ደህና ናቸው። ያተረፈን ግን የአላህ እዝነት እንጂ የእኛ ጥንቃቄ አልነበረም።

ይህን የምንጽፈው ለዚህ ነው። በውሻ ነገር ሁለት ስህተት እያየን ነው። አንዱ ያየውን ውሻ ሁሉ በድንጋይ ማባረርን ዲን ያደርገዋል። ሌላው በስልኩ ያየውን የውጭ ሰው ኑሮ ቀድቶ ውሻውን እንደ ጓደኛ በየጉዞው ያስከትላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ዲናችን ውሻን አልጠላም። የዋሻው ሰዎች ውሻ በሱረቱል ካህፍ ተወስቷል። የተጠማን ውሻ በኹፉ ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው በዚያ ሥራው ምሕረት ማግኘቱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ያም ሆኖ ለአደን፣ ለከብት ጥበቃ ወይም ለእርሻ ካልሆነ ውሻ ማኖር በየቀኑ አጅር እንደሚቀንስ በሐዲሥ መጥቷል፤ ብዙ ዑለማኦች የቤት ጥበቃንም ከእነዚህ ጋር ያዩታል። ውሻ ያለበትን የመንገደኞች ጓድ መላእክት እንደማያጅቡትም በሙስሊም ዘገባ አለ። ይህ ለሥራ የተያዘውንም ይጨምራል ወይስ አይጨምርም በሚለው ዑለማኦች ተለያይተዋል። እንግዲህ የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ውሻው በጉዞው ላይ ሥራ ከሌለው ቤት ይቅር። እግሩን ማፍታታት ሐቁ ነው፤ ለዚያ ግን ከሱብሒ በኋላ በገመድ ይዞ ሰፈሩን መዞር ይበቃዋል። አውቶቡስ መሳፈር አያስፈልገውም።

ሥራ ካለው፣ ለምሳሌ ሌሊት ድንኳን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሸርጥ አለው። የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። የመጀመሪያውን ክትባት ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ማስከተብ ነው፤ መከላከያው በአንድ ቀን አይገነባምና። ከዚያ በየጊዜው ማሳደስ። ሁለተኛው ጠንካራ ገመድ ነው። ገበሬው መንደር ስንደርስ «ውሻ ያዙልን!» ብለን እንጣራለን፤ የራሳችንን ሳንይዝ የሰውን ያዙ ማለት ነውር ነው። ሦስተኛው የራሱ ውኃና የራሱ ዕቃ ነው። ሰው ከሚቀዳው ምንጭ አፉን አያግባ። ውሻ እንደ ሰው ገላው አያልበውም፤ በማለክለክ ነው የሚቀዘቅዘው። ስለዚህ በቀትር ዳገት አናስወጣው፣ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥም አንተወው።

የጦሃራም ነገር አለ። በሻፊዒዮች ዘንድ እርጥብ ሆኖ የነካን የውሻ ገላ ሁሉ ነጃሳ ነው፤ ማሊኪዮች ደግሞ በሕይወት ያለ ውሻ ጦሃራ ነው ይላሉ። በዚህ መንገድ ላይ አንጨቃጨቅ። ለሶላት የሚሆን ንጹሕ ልብስ ለብቻ እንያዝ፣ ውሻው ከመስገጃችን ርቆ ይታሰር። በግ ካረድንም ጥሬ ሳንባና ጉበት አንወርውርለት። የኮሶ ዘር የሆነ ትል ከበጉ ወደ ውሻው፣ ከውሻው ወደ ሰው ይዞራል፤ በሰው ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ እባጭ ያበቅላል።

ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ግን ሸርጥም የለውም። ሳንቃበርም ሆነ ግጭ ወይም ጨነቅ ስንሄድ ውሻ አንውሰድ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገብቶ በ2017 ነው የወጣው። እዚያ ያለው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በጠቅላላ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታና ሌላ የውሾች በሽታ ደጋግሞ ፈጅቶታል፤ ምንጩም የቤት ውሻ ነው። ጭላዳና ዋልያም ውሻ ሲያባርራቸው ወደ ገደል ነው የሚሸሹት። አንድ የከተማ ውሻ ለአንድ ቀን ደስታ ብሎ የሚያመጣውን ጥፋት ማንም አይመልሰውም። ምድሪቱ አማና ናት።

የመጨረሻው ቃላችን ስለ ንክሻ ነው፤ ይህን ለእናት አባቶቻችሁም አድርሱልን። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም ይሂድ። «ውሻው 10 ቀን ይታይና» ተብሎ መርፌው አይዘገይም፤ መርፌውም ጥበቃውም አብረው ይሄዳሉ። ሩቃ ሱና ነው፣ እናድርግ፤ በመንገድ ላይ እየሄድንም ይቀራል። ሐኪም ቤቱን ትቶ ባህላዊ መድኃኒት ፍለጋ መዞር ግን ሰበብን መተው ነው። የዚህ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ገደማ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከእነሱም ብዙ ልጆች ይገኙበታል።

ጉዞ መልካም ነው። የመንገዱን ሰላም አጣርተን፣ በጀመዓ ሆነን እንውጣ፤ የአላህን ፍጥረት አይተን እንመለስ። ግን የምናልፍበት ደጋ የሰው ቤት፣ የሰው በግ፣ የሰው ልጅ ያለበት ነው። ያ እረኛ ልጅ ሲያየን ሮጦ መጥቶ ሰላም ብሎን ነበር።

አላህ ከእኛ ለማንም ጉዳት የማይደርስ ሰዎች ያድርገን። ወላሁ አዕለም።