ልጅነት የት ላይ ያበቃል?

አንድ ሰው እስከ ስንት ዓመቱ ልጅ ነው? ተፈጥሮ ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ የላትም፤ ወሰኑን የሚያበጀው ማኅበረሰብ ነው። በቦረና የገዳ ሥርዓት አንድ ወንድ ልጅ የሚገኝበት እርከን በዋናነት የሚወሰነው በተወለደበት ዓመት ሳይሆን አባቱ በደረሰበት እርከን ነው። በዘመናዊ ሕግም ወሰኑ አንድ አይደለም። በኢትዮጵያ የወንጀል ኃላፊነት ከ9 ዓመት ይጀምራል፤ በ15 ዓመት ተቀጥሮ መሥራት ይፈቀዳል፤ ለጋብቻ ግን በመርህ ደረጃ 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው።

እ.አ.አ. በ1990 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ከ18 ዓመት በታች ያለን ሁሉ ሕፃን ይለዋል። በአንቀጽ 31 ደግሞ ሕፃናት ወላጆቻቸውንና ታላላቆቻቸውን የማክበር ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በሕፃናት ላይ እንዲህ ያለ ግዴታ አይጥልም።

ይሁንና ወሰኑ ሰው ሠራሽ መሆኑ የትኛውም ወሰን ያው ነው ማለት አይደለም። የ1971ዱ የታንዛኒያ የጋብቻ ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት በወላጅ ፈቃድ 15 ዓመት አስቀምጧል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2016 ይህን ድንጋጌ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2019 ውሳኔውን አጸና። ሕጉ ግን በተሰጠው የአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ አልተሻሻለም።

ሕጉ ቢሻሻል እንኳ ዕድሜ ማስረጃ ይሻል። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት መንደር ዕድሜ የሚታወቀው በቤተሰብ ቃል ነው። ልጅቱን ሊድር የተዘጋጀውም፣ ስለ ዕድሜዋ የሚመሰክረውም ያው ቤተሰብ ይሆናል።