ምንባቡ የጠፋበት ፈተና

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በጫግኒ ከተማ በተፈታኞች መካከል ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር አንድ የቀድሞ ዓመት የእንግሊዝኛ ፈተና ነበር። ከኮፒ ላይ ኮፒ እየተነሣ የተባዛ በመሆኑ ፊደላቱ ደብዝዘዋል፤ ከዚህም የባሰው የመጀመሪያው ምንባብ የሰፈረበት ገጽ ሲባዛ በአንዱ ጊዜ ወድቆ ቀርቷል። ጥያቄዎቹ አሉ፤ ምንባቡ የለም። ጉድለቱ ግን ማናችንንም አላሳሰበንም። ከእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ መልሱ በእርሳስ ተጽፎ ስለነበር ጥያቄዎቹን «እንሠራቸው» ነበር። ፈተናውን ስንት ጊዜ ሠርታችሁታል ተብለን ብንጠየቅ አምስት ጊዜ ለማለት አናፍርም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ያንኑ ፈተና ገጹ ሳይጎድል አገኘሁት። ምንባቡን አነበብኩ፤ አራተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስም ሁላችንም በቃላችን የያዝነው «ቢ» ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ምንባቡ የሚለው የ«ቢ»ን ተቃራኒ ነበር።

እንደ እኔ አስተያየት፣ የእንግሊዝኛ ምንባብ ልምምድ በሚል ስም ዛሬም በብዙ ቦታ የሚካሄደው ነገር በአመዛኙ ምንባቡ የጠፋበት ልምምድ ነው። ደብዛዛው ኮፒ በቴሌግራም ፋይል ተተክቷል፤ ገጹም ተሟልቷል። ተማሪው ግን አሁንም ጥያቄውን አስቀድሞ ያያል፣ በጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል በምንባቡ ውስጥ ያድናል፣ ቃሉን ባገኘበት አካባቢ ያለውን ሐረግ ከምርጫዎቹ ጋር ያመሳስላል፣ ከዚያም መልሱን አይቶ ምልክት ያደርጋል። ይህ የፈለጋ ሥራ ነው እንጂ ንባብ አይደለም።

ያለ ምንባብ የምንባብ ጥያቄ መመለስ የጫግኒ ልጆች ብቻ ብልሃት አለመሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ስቱዋርት ካትስና ባልደረቦቹ ኤስኤቲ ከተባለው የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና የምንባብ ጥያቄዎችን ወስደው፣ ምንባቦቹን አስቀርተው ለተማሪዎች ሰጡ። ተማሪዎቹ በግምት ብቻ ሊገኝ ከሚችለው ውጤት በእጅጉ የላቀ አመጡ። ምርጫዎቹን እርስ በርስ በማነጻጸርና በጠቅላላ ዕውቀታቸው በመመራት ነበር የሚመልሱት። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ አንድ ትንሽ ሙከራ በራስህ ላይ እንድትሠራ እጋብዝሃለሁ። ከዚህ በፊት ያላየኸውን ፈተና ውሰድ፤ ምንባቡን በወረቀት ሸፍነህ አሥር ጥያቄ መልስ፤ ቀጥሎ ምንባቡን አንብበህ እንደገና መልስ። በመጀመሪያው አምስት፣ በሁለተኛው ስድስት ካገኘህ፣ ንባብህ ያስገኘልህ አንድ ነጥብ ብቻ ነው። የሚለካው ይህ ልዩነት ነው፤ በልምምድ ማደግ ያለበትም ይኸው ነው።

ልዩነቱ ለምን አነስተኛ ይሆናል? ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «የቃላት እጥረት» ነው። እውነትነት አለው፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ከቃላት በፊት መታየት ያለበት ሌላ ጉዳይ አለ። በጫግኒና በአካባቢዋ ያለ ተማሪ እንግሊዝኛን የሚያነበው እንደ ሦስተኛ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ብዙ ልጆች በቤታቸው አውንጊ ይናገራሉ፤ በአውንጊ የሚማሩ የአንደኛ ደረጃ ት/ቤቶችም አሉ፤ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲደረስ ደግሞ ከአገር ቋንቋ ትምህርቶች በቀር መጽሐፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆናል። አውንጊና አማርኛ፣ አንዱ የኩሽ ሌላው የሴም ቤተሰብ ቢሆኑም፣ ግሥን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ በማስቀመጥ ይስማማሉ። እንግሊዝኛ ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። «ገበሬዎች ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ከወንዝ የሚቀዱት ውሃ እምብዛም ንጹሕ አይደለም» የሚለውን አሳብ እንግሊዝኛው በራሱ ቅደም ተከተል ሲያስቀምጠው ይህን ይመስላል፦ «ውሃው፣ ገበሬዎች የሚቀዱት ከወንዝ፣ በፊት ዝናብ ከመጀመሩ፣ ነው እምብዛም ንጹሕ።»

የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት ልብ በሉ። በአማርኛ «እምብዛም» ብሎ የጀመረ ሰው ዓረፍተ ነገሩን የሚጨርሰው በ«አይደለም» ወይም በሌላ አፍራሽ ግሥ ነው። አሉታው ግሡ ላይ ተጽፏልና አንባቢው አይስተውም። በእንግሊዝኛው ግን «ሬርሊ» የምትለው ቃል አሉታውን ብቻዋን ትሸከማለች፤ ግሡ አዎንታዊ እንደሆነ ይቀራል፣ «ኖት» የሚል ቃልም የትም አይገኝም። በአገሩ ቋንቋ ልማድ አሉታን በግሡ ላይ የሚፈልግ ተማሪ «ኢዝ» ን እና «ክሊን» ን አይቶ ውሃው ንጹሕ ነው ብሎ ያልፋል። «ሃርድሊ»፣ «ሴልደም»፣ «አንለስ»፣ «ፌይልድ ቱ»፣ «ቱ ... ቱ» ሁሉም እንዲህ ዓይነት ድብቅ አሉታ የተሸከሙ ናቸው። የእኛም አራተኛ ጥያቄ የተበላሸው «አንለስ» በምትለው ቃል ነበር። እነዚህን ቃላት ከነፍቺያቸው በደብተር ጽፎ መሸምደድ ቀላል ነው፤ በሩጫ ላይ ሳሉ በዓረፍተ ነገር መካከል ማየት ግን የሚገኘው ብዙ ዓረፍተ ነገር በማንበብ ብቻ ነው።

ይህ የእንግሊዝኛ መምህራን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሳይንስ መጽሔት ላይ ባላነሣሁት ነበር። የፊዚክስ ፈተና ላይ አንድ አካል «ፍሮም ሬስት» ተነሣ ሲባል መነሻ ፍጥነቱ ዜሮ ነው ማለት ነው፤ ይህ ካልገባው ተማሪው ቀመሩን አሳምሮ ቢያውቅም አንድ ቁጥር የጎደለው ይመስለዋል። ወለሉ «ስሙዝ» ነው ሲባል ሰበቃን እርሳው ማለት ነው። በሒሳብ የዕድል ስሌት ውስጥ «ኤት ሊስት ዋን» የሚለውን «ልክ አንድ» ብሎ የተረዳ ተማሪ ንጹሕ ስሌት ሠርቶ ከምርጫዎቹ መካከል የተዘጋጀለትን የተሳሳተ መልስ ያገኛል። ፈታኞች ይህን ስሕተት ያውቁታልና ቁጥሩን በምርጫው ውስጥ አስቀድመው ያኖሩታል። በባዮሎጂ «ኦል ... ኤክሴፕት» የሚለውም እንዲሁ ነው። እንዲህ ሲታይ የንባብ ፈተና ከእንግሊዝኛው ወረቀት ወጥቶ በሳምንቱ ፈተናዎች ሁሉ ውስጥ ተበትኗል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህን ሁሉ በንባብ ጉድለት ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ኩረጃ መከልከሉ አለ፣ ወረርሽኙ ያጎደለው የትምህርት ጊዜ አለ፣ ጦርነት አለ። በክልላችንም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተከሰተው ግጭት ብዙ ት/ቤቶች ተዘግተዋል። ነገር ግን መምህር በሌለበት፣ ክፍል በተዘጋበት ጊዜ ተማሪው በእጁ የሚቀረው መጽሐፍ ብቻ ነው። መጽሐፉን አንብቦ መረዳት የሚችለው ልጅ ትምህርቱ ይቀጥላል፤ የማይችለው ልጅ ትምህርቱ ከት/ቤቱ በር ጋር ይዘጋል።

ወደ ቃላቱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች በአንድ ታሪክ ውስጥ ያሉትን ቃላት በየደረጃው ትርጉም በሌላቸው ቃላት እየተኩ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች አስነበቡ። ከቃላቱ 80 በመቶውን ብቻ ከሚያውቁት መካከል ታሪኩን በበቂ ሁኔታ የተረዳ አልነበረም፤ አብዛኛው አንባቢ ያለ ረዳት እንዲረዳ ወደ 98 በመቶ የሚሆነውን ቃል ማወቅ እንደሚያስፈልግ ደመደሙ። 400 ቃላት ባሉት ምንባብ ይህ ማለት እንግዳ ቃላት ከስምንት አይበልጡም ማለት ነው። ተማሪዎቻችን በጥቅምት ወር የሚጀምሩት ግን አርባና ሃምሳ ቃል የማያውቁበትን የፈተና ምንባብ ነው። ከአቅም በላይ በሆነ ጽሑፍ ላይ መለማመድ ግምትን እንጂ ንባብን አያስተምርም።

ሌላው ፍጥነት ነው። በቀደሙት ዓመታት የእንግሊዝኛው ፈተና 120 ጥያቄዎች ነበሩት፤ የተፈቀደው ጊዜ ደግሞ ሁለት ሰዓት። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ምንባቡ የሚነበበውም ከዚያው ደቂቃ ተቆርጦ ነው። በደቂቃ 80 ቃል የሚያነብ ተማሪ 400 ቃላቱን ለመጨረስ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ 200 ቃል ለሚያነበው ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ዝግታው ጊዜ ከመብላቱም በላይ ትርጉምን ይበላል። ፒተርሰን የተባሉት ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ሦስት ፊደላትን እንኳ በልባቸው እንዳይደግሙ ሲደረግ በ18 ሰከንድ ውስጥ በአብዛኛው እንደሚረሱ አሳይተዋል። እያንዳንዱን ቃል ወደ አማርኛ እየመለሰ የሚጓዝ አንባቢ ነጥቡ ላይ ሲደርስ የዓረፍተ ነገሩ ራስ ከአእምሮው ወጥቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፕላዝማ ትምህርት ሲገባ ይህን በየቀኑ እናየው ነበር፤ የስክሪኑ መምህር ምንባቡን አንብቡ ይላል፣ ጊዜው ያበቃል፣ እሱ ወደ መልሱ ሲያልፍ ክፍሉ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው።

እንግዲህ ምን ይነበብ? የእኔ መልስ ብዙ ተማሪዎችን አያስደስትም፤ የራሳችሁን የባዮሎጂ መጽሐፍ አንብቡ እላለሁ። የ9ኛውን፣ ከዚያ የ10ኛውን። አሳቡን ቀድሞ የሚያውቁት ጽሑፍ ቋንቋውን ይሸከማልና። እ.ኤ.አ. በ1988 ሬክትና ሌስሊ ባደረጉት ጥናት፣ ንባባቸው ደካማ ቢሆንም ስለ ቤዝቦል ጨዋታ ብዙ የሚያውቁ ልጆች፣ ጎበዝ አንባቢ ሆነው ጨዋታውን ከማያውቁት ልጆች ይልቅ ስለ ጨዋታው የተጻፈውን ታሪክ በተሻለ ተረድተው ተገኝተዋል። ቤዝቦል ለእኛ ባዕድ ነው። በጓንጓ ወረዳ ግን የፎገራን ከብት ከፍሪዥያን ጋር ሲያዳቅል የኖረው የመተከል ራንች አለ፤ በዚያ አካባቢ ያደገ ልጅ ስለ ማዳቀልና ስለ ውርስ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ገጽ ሲገጥመው፣ ግማሹን ነገር ከመጽሐፉ በፊት ያውቀዋል።

በቀን አንድ ገጽ ይበቃል። ገጹን ከማንበብ በፊት ከጓደኛ ጋር ስለ ርእሱ በአማርኛም ሆነ በአውንጊ መነጋገር ነውር የለውም። «በእንግሊዝኛ ብቻ አስብ» የሚለው ምክር አሳብ ለሌለው አፍ የተሰጠ ምክር ይመስለኛል። ከዚያ ያለ መዝገበ ቃላት አንድ ጊዜ አንብቦ፣ መጽሐፉን ዘግቶ፣ ገጹ ምን እንዳለ በሚቀልል ቋንቋ መጻፍ። ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ጽሑፍን ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ቢበልጡም፣ ከሳምንት በኋላ የበለጡት አንብበው ከትዝታቸው የጻፉት ናቸው። መዝገበ ቃላቱ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም መንገድ ለዘጉ ሦስት አራት ቃላት ብቻ።

ሁለት ወር ለቀረው ተማሪ ይህ ረጅም መንገድ መሆኑን አልክድም። የፈተናውን መልክና የሰዓቱን ግፊት ለመልመድ ሁለት ሦስት የቀድሞ ፈተናዎችን በሰዓት መሥራት ተገቢ ነው፤ በተለይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒውተር ስለሚፈተኑ ምንባብን ከስክሪን ላይ ማንበብም ልምድ ይጠይቃል። አርባ ፈተና መሸምደድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ደግሞ ከዚህ የቀለለ ነገር አለ። በፊጂ ደሴቶች የገጠር ት/ቤቶች ኤሌይና ማንጉባይ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ልጆች በየክፍሉ 250 ያህል ቀላልና ማራኪ የታሪክ መጻሕፍት ቀረቡ፤ ከስምንት ወር በኋላ የልጆቹ የንባብ ዕድገት በተለመደው መንገድ ከሚማሩት በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ተገኘ። የውጭ መምህር አልመጣም፣ ቴሌቪዥንም አልተተከለም። ለአንድ ፕላዝማ በሚወጣው ገንዘብ ስንት የታሪክ መጽሐፍ ይገዛ እንደነበር አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

በክረምት ወደየቀያችሁ እየሄዳችሁ ነጻ ቱቶሪያል የምትሰጡ የፋኩልቲያችን ተማሪዎች አላችሁ። ከሰሌዳው ላይ የአርባ ጥያቄ መልስ ጽፋችሁ ከምትመለሱ፣ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ወስዳችሁ ከስሌቱ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል አስነብቡ፤ ማን ተነሣ፣ ከምን ተነሣ፣ ምን ተዘነጋ ብላችሁ ጠይቁ። እኔም ያን ገጹ ያልጎደለ ፈተና እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ጫግኒ ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ፤ ለልጆቹ የማድለው ግን ጥያቄዎቹን አስቀርቼ ምንባቡን ብቻ አባዝቼ ነው።