ነፋስ ሲበረታ ለጀማሪው ዘላይ “ዛሬ አይሆንም” የሚለው ማን ነው?

ከናይሮቢ ተነስተው ወደ ዲያኒ ባሕር ዳርቻ ከሚወርዱ ጎብኚዎች አንዳንዶቹን የሚስባቸው ከአውሮፕላን በፓራሹት መዝለል ነው። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘለው አያውቁም። ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ ገንዘብ ከፍለው፣ የመመለሻ ትኬት ቆርጠው ነው የሚደርሱት። ነፋሱ ግን ቀጠሮ አያከብርም።

ናይሮቢ ራሷ ለዚህ አትመችም። የዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,690 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ያው ፓራሹት ከባሕር ዳርቻ ይልቅ አንድ አስረኛ ያህል ፈጥኖ መሬት ይደርሳል። (ከፍ ብላ የምትገኘው አዲስ አበባ ደግሞ ይብስባታል።)

የዲያኒ ፈተና ሌላ ነው። ከሚያዝያ ገደማ ጀምሮ ለወራት ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው “ኩሲ”፣ ከዚያም ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው “ካስካዚ” ዓሣ አጥማጆች ለዘመናት የተጓዙባቸው ወቅታዊ ነፋሶች ናቸው። ከሰዓት በኋላ የባሕሩ ነፋስ ሲጨመርባቸው ዘላዩን ወደ ዘንባባዎቹና ወደ ሆቴሎቹ ጣሪያ ሊገፉት ይችላሉ። ባሕሩ ሲሞላ ደግሞ የሚታረፍበት አሸዋ ይጠባል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚፈሩት ፓራሹቱ ከመዘርጋቱ በፊት ያለውን፣ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጠውን ውድቀት ነው። በነፋሻ ቀን ግን አደጋው የሚያይለው ከመሬት ጥቂት አስር ሜትሮች ሲቀሩ ነው። የተማሪ ፓራሹት በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ወደፊት ይበራል እንበል። በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ነፋስ ላይ ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞረ ዘላይ በ13 ያርፋል፤ ጀርባውን የሰጠ በ57። ይህን ዘግይቶ የተረዳ ጀማሪ በድንጋጤ አንዱን ገመድ ስቦ ለመዞር ይሞክራል፤ በዝቅታ በኃይል የተጠመዘዘ ፓራሹት ደግሞ ዘላዩን ከመሬት ጋር ያላትመዋል። አሰልጣኞች በዝቅታ ከመዞር ይልቅ ነፋስን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ማረፍ ይሻላል የሚሉት ለዚህ ነው። ከዛፍና ከሕንፃ ጀርባ የሚፈጠረው የተናወጠ አየርም ፓራሹቱን ሊያጥፈው ይችላል።

የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር ብቻቸውን ለሚዘሉ ተማሪዎች የነፋሱን ገደብ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አስቀምጧል፤ ፈቃድ ላላቸው ዘላዮች ግን ገደብ አልጣለም። ከአሰልጣኝ ጋር ታስሮ የሚዘል ደንበኛ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ለአሰልጣኙና ለአዘጋጁ ውሳኔ የተተወ ነው።

አሳሳቢው ነገር እዚህ ላይ ነው። በረራን በበላይነት የሚቆጣጠረው የኬንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ቢሆንም፣ በዚያች ሰዓት የነፋስ መለኪያውን አይቶ “ዛሬ አይሆንም” የሚለው በባሕር ዳርቻው ያለው ባለሙያ ነው። ገቢው በዝላዩ ቁጥር የሚወሰን ከሆነ፣ ደንበኛውም “ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ?” እያለ ከጎተጎተው ጫናው ከሁለት ወገን ይሆናል።

ስለዚህ ጀማሪው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ዋጋና ስለ ቪዲዮ ብቻ አይደለም። ነፋሱ ስንት ሲደርስ ነው ዝላዩ የሚቆመው? ከተሰረዘ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይዛወራል? ቀድሞ የተጻፈ ቁጥር ያለው አዘጋጅ መልሱን ወዲያው ይናገራል። ጉዞውን በሁለት ቀን ያቀደና የማለዳውን ሰዓት የመረጠ ጎብኚ ደግሞ መሰረዙ ያን ያህል አይከብደውም።