የማኅበር ጽዋ
ካምቤል ውስጥ፣ ሎስ ጋቶስ ክሪክ መናፈሻ፣ ውሾች ተፈትተው በሚቦርቁበት ሜዳ ያየሁት አንድ ነገር ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል፦ የፕላስቲክ ሳህን ነው። ጠርዙ ታኝኳል፤ ውሃው ላይ ለሃጭ ተንሳፍፏል፤ ሰባት ውሾች እንደ ማኅበር ጽዋ እየተፈራረቁ ይልሱታል። ባለቤቶቹ ግን ሁሉም የየራሳቸውን ኮዳ ጨብጠዋል፤ ከጓደኛቸው ኮዳ አንድ ጉንጭ እንኳ አይቀምሱም። ሳህን መጋራት ደግሞ በሽታ መጋራት ሊሆን ይችላል፦ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የውሻ ኢንፍሉዌንዛ በሳን ሆዜ አካባቢ ታይቶ ነበር። የዚህ በሽታ ክፋቱ ውሻው ገና ማሳል ሳይጀምር ለሌላው ማስተላለፉ ነው። ስለዚህ «የእኔ ውሻ ጤነኛ ነው» የሚለው መሐላ ለእኔ ከወሬ አያልፍም። የካሊፎርኒያ ሕግ ግድ የሚለው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ነው፤ የኢንፍሉዌንዛውና የውሾች ተላላፊ ሳል ክትባት ለባለቤቱ ፈቃድ ተትቷል። ፈቃድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስንፍና ነው። ለክትባቱ የእንስሳት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ እስከዚያው ግን ለውሻዎ ውሃና ሳህን ከቤት ይዘው ይምጡ፤ ካሳለም ሜዳው ይቅርበት።